«ታች በሊ» የተባለው ዓሣ ለምን ይራባል? በጨው ውሃ ገንዳ ስለሚኖሩ ዓሦች ስያሜ የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ቃል በሁለት ሚዛን ይመዘናል። የመጀመሪያው ቃሉ ከአማርኛ የቃላት አመሠራረት ጋር መስማማቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን የሰማው ሰው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ እንዲሠራ መርዳቱ ነው። ቃላት መራጮች በመጀመሪያው ሚዛን ብዙ ሲከራከሩ፣ ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ለባለሙያው ይተዉለታል። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ሚዛን በአንድ ጠባብ መስክ ላይ ልንፈትነው አስበናል። መስኩ በቤት ውስጥ፣ በመስተዋት ገንዳ፣ የጨው ውሃ ዓሦችን ማኖር ነው፤ ከእነዚህም መካከል ከውሃው ግርጌ ሳይርቁ የሚኖሩትንና ምግባቸውን ከዚያው የሚፈልጉትን በጤና ማቆየት ነው።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ለሌላት አገር ይህ ርእስ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህ መስክ የቃል ስሕተት ውጤቱ ቶሎ ይታያል። የሕግ ወይም የፍልስፍና ቃል ቢጣመም ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ የገንዳ ቃል ቢጣመም ግን ዓሣው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ቃላቱን የምንፈትንበት የአማርኛ አገር አለን። ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና የሚገባው ውሃ፣ በባሕር ዳር በኩል ዓባይ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ፣ በዳርቻው ያለው ሕዝብ ዓሣን በሥራ ያውቀዋል፤ በተለይም ታንኳውን ከደንገል እየሠራ በዓሣ ማጥመድ የኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ። ስለዚህ ከውጭ ቋንቋ መመሪያዎች ጋር የሚመጡትን ቃላት በዚሁ ዳርቻ አማርኛ እንመዝናቸዋለን።

ሀ. «የባሕር ዓሣ» እና «የንጹሕ ውሃ ዓሣ»

የዓሣ አያያዝ መመሪያ ሁሉ ዓሦችን በቅድሚያ ለሁለት ይከፍላል፤ በጨው ውሃ የሚኖሩና ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖሩ። ክፍፍሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ «የባሕር ዓሣ»፣ ሁለተኛዎቹ «የንጹሕ ውሃ ዓሣ» ሲባሉ እንሰማለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ትርጉሞች ለመመሪያ አይበቁም።

«ባሕር» በአማርኛ የውሃውን ስፋት እንጂ ጣዕሙን አይናገርም። ቀይ ባሕር ባሕር ነው፤ ጣናም ባሕር ነው። ባሕር ዳር የምትባለው ከተማ ስሟን ያገኘችው ጨው በሌለበት ሐይቅ ዳር በመቀመጧ ነው። እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ሰው «ለባሕር ዓሣ የሚሆን ገንዳ» የሚል መመሪያ አንብቦ፣ ውሃውን እንደታዘዘው አዘጋጅቶ፣ ከሐይቁ የተያዘ ቆሮሶ ቢያስገባበት፣ አማርኛውን አልተሳሳተም ማለት ነው፤ ዓሣው ግን በአደጋ ላይ ነው። ቃላት ሁለት ትርጉም መያዛቸው በራሱ ነውር አይደለም። «ግሽ ዓባይ» በሰከላ የምንጭ ስም፣ በባሕር ዳር ደግሞ የሰፈር ስም ሲሆን፣ ተናጋሪና ሰሚ ፊት ለፊት ስለሚገናኙ የትኛው እንደተባለ ወዲያው ይለያሉ። የታተመ መመሪያ ግን ተመልሶ አይጠየቅም፤ ስለዚህም በአሻሚ ቃል ሊታነጽ አይገባውም።

ልዩነቱ የጣዕም ብቻ እንዳይመስለን የአሠራሩን ነገር ባጭሩ እንግለጽ። የጣና ዓሣ ሰውነት ከዙሪያው ውሃ ይልቅ ጨው ይበዛበታል፤ ስለዚህ ውሃው በቆዳውና በመተንፈሻው፣ ማለት በስንጥቡ፣ በኩል ሳያቋርጥ ይገባበታል፤ እርሱም ብዙና ቀጭን ሽንት እየሸና ያስወጣዋል። የቀይ ባሕር ዓሣ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ዙሪያው ከሰውነቱ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውሃ ከሰውነቱ ይወጣበታል፤ ስለዚህ ባሕሩን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወግዳል። አንደኛውን ወደ ሌላው ውሃ ማዛወር ሰውነቱ ያልተሠራለትን ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ ነው።

«ንጹሕ ውሃ» የሚለውም እንደዚሁ ያሳስታል። የንጹሕ ተቃራኒው ቆሻሻ ስለሆነ፣ አንባቢው የጨው ውሃ ንጽሕና የማይፈለግበት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እንዲያውም ከወንዝና ከሐይቅ ዓሦች ይልቅ የውሃ ለውጥን የማይችሉት የጨው ውሃ ዓሦች ናቸው። ስለሆነም «የጨው ውሃ ዓሣ» እና «የጨው አልባ ውሃ ዓሣ» የሚሉትን እንመርጣለን። ረዘም ማለታቸው አይካድም፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ያለ ጥርጥር ይለያሉ።

ለ. «ጨው»

«ጨው» ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የወጥ ጨው ነው፤ ወይም ከአፋር ምድር ተቆርጦ ለረጅም ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ነው። በመመሪያ ውስጥ «በውሃው ጨው ጨምር» ብሎ መተው አንባቢውን ወደ ማድቤት መላክ ይሆናል። የባሕር ውሃ ግን የወጥ ጨው የሟሟበት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ማግኒዝየም፣ ካልስየም፣ ፖታስየምና ሌሎችም ማዕድናት በተወሰነ መጠን አሉበት። ለገንዳ የሚዘጋጀው ጨው ይህን ሁሉ አስተባብሮ የያዘ ስለሆነ «ቅይጥ የባሕር ጨው» ቢባል ከማድቤቱ ይለያል። «ቅይጥ» የሚለው ቃል በራሱ «አንድ ነገር ብቻ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል።

በመጠኑም ረገድ እንዲሁ ነው። በአማካይ በአንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ በቀይ ባሕር ወደ 40 ግራም ይደርሳል። በገንዳ ውስጥ ይህ መጠን የሚለዋወጠው በአብዛኛው ባለቤቱ ሳያውቀው ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይተንምና። በበጋ ወራት በባሕር ዳር ሙቀት ከገንዳው የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው፣ ሳምንት በሳምንት ውሃውን እያጨመረው ይሄዳል። ስለዚህ መመሪያ ሁለት ሥራዎችን በሁለት ቃላት መለየት ይገባዋል። የተነነውን ጨው በሌለበት ውሃ መተካት «መሙላት» ሲባል፣ ያረጀውን ውሃ አውጥቶ በአዲስ ጨው ውሃ መተካት «መለወጥ» ይባል። ሁለቱም የታወቁ የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ የጎደላቸው ነገር ቢኖር መመሪያ ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው ቦታ አለማስገባታቸው ነው።

ሐ. «ወለል» ወይስ «ግርጌ»?

ከውሃው ሥር የሚኖረውን ዓሣ «የወለል ዓሣ» የሚሉ አሉ። የቤት ወለል ከእግር በታች ያለው ስለሆነ ቃሉ በመጀመሪያ እይታ ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን አማርኛ ስለ ውሃ ሲናገር ወለልን በተቃራኒው አቅጣጫም ይጠቀምበታል። ባሕር ዳር «ከባሕር ወለል በላይ» 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች ስንል፣ «ወለል» ያልነው የባሕሩን የላይኛውን ገጽ እንጂ ሥሩን አይደለም። እንደዚህ ከሆነ «የወለል ዓሣ» በውሃው ገጽ ላይ ተንሳፎ የሚመገበውም፣ በአሸዋው ላይ የሚተኛውም ሊሆን ነው። አሻሚነቱ በቃሉ ዳርቻ ሳይሆን በራሱ በዋናው ሐሳብ ላይ ስለሆነ ሊታለፍ አይችልም።

እኛ «ግርጌ» የሚለውን እናቀርባለን። ራስጌና ግርጌ በመኝታ ላይ የታወቁ ተቃራኒዎች ናቸው፤ የተራራ ግርጌም፣ የገጽ ግርጌም ያለ ችግር ይነገራል። «የግርጌ ዓሣ» ሲባል ሰሚው ወደ ላይ አያይም።

ከፍታውን ካነሣን ዘንድ ለግርጌ ዓሦች ጤንነት የሚበጅ አንድ ነገር እንጨምር። በባሕር ዳር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውሃ፣ በተለይም ሲሞቅ፣ ጨው ከሌለበት ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ኦክስጅን ወደ ገንዳው የሚገባው ከላይኛው ገጽ ስለሆነ፣ ውሃው በደንብ ካልተገላበጠ በቅድሚያ የሚታፈነው የግርጌው ዓሣ ነው። በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ መመሪያ ይህን አያነሣም፤ ጸሐፊው በዚያ ከፍታ አላሰበምና። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል። ተርጓሚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አንባቢው የቆመበትንም ቦታ መመልከት አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

መ. «ታች በሊ»

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታችን ደርሰናል። «ታች በሊ»፣ «የታች ተመጋቢ» እና እነዚህን የመሳሰሉት ስሞች ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው። ሰዋስዋቸው አይነቀፍም ይሆናል፤ በአንባቢው አእምሮ የሚፈጥሩት ሥዕል ግን ሐሰት ነው። ታች ያለው ምን ይበላል ቢባል ከላይ የወደቀውን ይበላል የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ ከገበታ የተረፈውን ፍርፋሪ እንደሚለቅም ተቆጥሮ፣ አንዳንዶችም «ገንዳ ጠራጊ» ይሉታል። በዚህ ስም የገዛው ሰው ለዓሣው የተለየ ምግብ አያቀርብለትም። ሌሎቹ ዓሦች በውሃው መካከል ምግቡን ሲሻሙ የግርጌው ዓሣ ባዶ አሸዋ ሲጎረጉር ይከርማል፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጀርባው ይሳሳል፤ ከዚያም ይሞታል። ባለቤቱ በሽታ ያዘው ይላል። ዓሣው የሞተው ግን በረኃብ ነው፤ የረኃቡም አንዱ ምክንያት ስሙ ነው።

በእርግጥ በግርጌ የሚመገቡ ዓሦች አንድ ወገን አይደሉም። ሥራቸውን ተከትለን ብንመድባቸው ቢያንስ አራት እናገኛለን፤ ለእያንዳንዱም የአማርኛ ግሥ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ፋቂዎች ናቸው። ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ልባስ በአፋቸው እየፋቁ ይመገባሉ። በጣና ተፋሰስ በሶ የሚባለው ዓሣ አፉ ለዚህ የተሠራ ነው፤ በሳይንስ ጋራ የሚባለው ወገን ትንንሽ ዓሦችም ድንጋይ ተጠግተው ይኖራሉ። (የዚህ ወገን ስም ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ሲጻፍ ከተራራው «ጋራ» ጋር ስለሚመሳሰል ብቻውን ባይቆምና «ጋራ የሚባለው የዓሣ ወገን» ቢባል እንመርጣለን።) በጨው ውሃ ገንዳ ያለ ፋቂ ዓሣ ድንጋዩ ሁልጊዜ ተጠርጎ ከጸዳበት የሚበላው የለውም። እዚህ ላይ የባለቤቱ ንጽሕና የዓሣው ረኃብ ይሆናል።

ሁለተኛዎቹ ነፊዎች ናቸው። አሸዋውን በአፋቸው ዘግነው፣ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት አስቀርተው፣ አሸዋውን በስንጥባቸው በኩል ይለቁታል። በቀይ ባሕር የሚገኙ አንዳንድ የጎቢ ዓሦች እንዲህ ያደርጋሉ። ሥራው በወንፊት ዱቄት ከመንፋት የተለየ ስላልሆነ «አሸዋ ነፊ» ብንላቸው የማድቤት ልማድ ያላት አንባቢ ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች። ቃሉ ብዙ ያስተምራል። ወንፊት የሚመጠነው በሚነፋው ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ አሸዋውም ደቃቅ መሆን ይገባዋል፤ ሻካራ ጠጠር በአፍና በስንጥብ ሲያልፍ ያቆስላል። ባዶ አሸዋ መንፋትም ሆድ አይሞላም፤ ስለዚህ ነፊ ዓሣ የሚገባው በአሸዋው ውስጥ ሕይወት ከተራባበት ቆየት ካለ ገንዳ ነው፤ እዚያም ቢሆን ወደ ግርጌ የሚሰምጥ ምግብ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቀርብለት ይገባል።

ሦስተኛዎቹ ጎርጓሪዎች ናቸው። በከንፈራቸው ወይም በጢማቸው እየዳሰሱ በድንጋይ መካከልና በአሸዋ ውስጥ የተሸሸገውን ይፈልጋሉ። በቀይ ባሕር ሁለት ጢም ኖሮት አሸዋ የሚቆፍር፣ በፈረንጆች ዘንድ ከፍየል ጋር የተመሰለ ዓሣ አለ። በጣናም ከንፈሩ የወፈረና ጢሙ የጠነከረ፣ ከግርጌ የነፍሳት እጭ የሚለቅም የባርበስ ዓይነት አለ። ባርበስ የሚለው የላቲን ስም ራሱ ከጢም የተወሰደ ነው። ጢም ለነዚህ ዓሦች ጌጥ አይደለም፤ ጣት ነው፤ ምላስም ነው። ስለት ባለው ጠጠር ላይ ሲያልቅ ዓሣው ምግቡን ማግኘት ይሳነዋል፤ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል። የጎርጓሪ ዓሣ ጤንነት ከመድኃኒት ይልቅ በአሸዋ ምርጫ ይጀመራል። ከዚህም ጋር ድንጋዮች በአሸዋው ላይ ሳይሆን በገንዳው መስተዋት ላይ በቀጥታ ተቀምጠው አሸዋው ኋላ መፍሰስ አለበት፤ አለዚያ ዓሣው ሥራቸውን ሲጎረጉር ተንደው ይጫኑታል።

አራተኛዎቹ አድፋጮች ናቸው። በግርጌ ይተኛሉ እንጂ ከግርጌ አይለቅሙም፤ ድንጋይ መስለው ቆይተው የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ ይውጣሉ። «ታች በሊ» የሚለው ስም እነዚህን ከፋቂዎች ጋር አንድ ሲያደርጋቸው፣ ባለቤቱ ገንዳ ይጠርግልኛል ብሎ የሌሎቹን ዓሦች ጠላት ገዝቶ ይገባል።

እንግዲህ «የግርጌ ዓሣ» የመኖሪያ ስም ይሁን፤ «ፋቂ»፣ «ነፊ»፣ «ጎርጓሪ» እና «አድፋጭ» የአመጋገብ ስሞች ይሁኑ። «ታች በሊ» ሁለቱን ስለሚያቀላቅል ከሙያው ቋንቋ ቢወጣ የሚጎዳ የለም።

ሠ. «ዑደት»፣ «ማጣሪያ»፣ «ለይቶ ማቆያ»

አዲስ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከዓሣ ፍሳሽና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ያላነሰ ይፈጃል። ይህ «ዑደት» ተብሎ ሲተረጎም አንባቢው የሚያስበው በሞተር የሚሽከረከረውን ውሃ ነው፤ ሞተሩን አስነሥቶ በማግሥቱ ዓሣ ያስገባል። እኛ «የገንዳ መጎልመስ» ብንለው ጊዜ የሚፈልግ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ይታወቃል። ከጎለመሰ ገንዳ የሚወሰደው ጥቂት አሸዋም «እርሾ» ቢባል ጠላ የጠመቀና ሊጥ ያቦካ ሁሉ ጥቅሙን ይረዳል። ሥራው መብላላት ባይሆንም፣ ጥቂቱ ብዙውን ማስነሣቱ አንድ ነው።

«ማጣሪያ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ደኅና ውሃ አይደለም። አሞኒያ ቀለም የለውም። በተለይ በግርጌ፣ አሸዋው ወፍራም ሆኖ አየር ካላገኘ፣ ጠቁሮ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያቁራል፤ ከላይ ያለው ውሃ ግን እንደ መስተዋት ይታያል። ስለዚህ መመሪያ «ውሃው እስኪጠራ» ማለቱን ትቶ «ውሃው ተመርምሮ አሞኒያና ናይትራይት እስኪጠፉበት» ይበል።

ከሦስቱ የተሳካው «ለይቶ ማቆያ» ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ይህ ቃል በመላው አገር ተሠራጨ፤ የሠመረለትም መለየትንና ማቆየትን፣ ማለት ሁለቱንም ሥራዎች፣ በግልጽ ስለሚናገር ነው ብለን እናምናለን። ለአዲስ ዓሣም ያለ ለውጥ ያገለግላል። የግርጌ ዓሣ ቀኑን በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ስለሚሸሸግ በሽታው ዘግይቶ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ለእርሱ ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል። የማቆያው ገንዳ ባዶ ከሆነ ነፊው ዓሣ እንዳይጨነቅ በጎድጓዳ ሳሕን ደቃቅ አሸዋ ይቀመጥለት። በመዳብ የተሠራ መድኃኒት ካስፈለገም የሚሰጠው እዚያው ነው፤ በዋናው ገንዳ ቢጨመር አጥንት አልባ ፍጥረታትን ይገድላልና።

ረ. የጣና ስሞችና ያስከተሉት

የቃል ጉዳይ ከገንዳ ባለቤቶች አልፎ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየን የጣና ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የቀይ ባሕርንም የጣናንም ዓሦች ለሳይንስ ያስተዋወቀ ተመራማሪ ነው። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ዓሦች ሲጽፍ «በሶ»፣ «ሱርኪስ»፣ «ጎርጓሪ»፣ «ነድጊያ» የሚሉትን ስሞች ከአገሩ ሰው አፍ ተቀብሎ በላቲኑ ስያሜ ውስጥ አስገባቸው። በቀይ ባሕር ከእርሱ በፊት የዞረው ፎርስኮልም ከዐረብኛ ብዙ ስሞችን እንዲሁ ወስዷል። ስለዚህ የዳርቻው ቃል ለሳይንስ አይበቃም የሚለው ክርክር ከተረታ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እናድርግ። «ጎርጓሪ» ተብሎ የተመዘገበው የጣና ዓሣ ዛሬ በጥናት የሚታወቀው ሌሎች ዓሦችን በማደን እንጂ ግርጌ በመቆፈር አይደለም። እኛ ከላይ «ጎርጓሪ» ያልነው ጎረጎረ ከሚለው ግሥ የወጣውን የአመጋገብ ስም ነው። የዓሣው ስም በዝርያው ላይ ይቆይ፤ የአመጋገቡ ስም በሥራው ላይ ይቆይ፤ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን ለየብቻ ያስገባቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን የመለየት ታሪክ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ባኒስተር የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ የጣናን ትልልቅ ባርበሶች በአንድ ዝርያ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ናጌልኬርከና ሲቢንግ የሚባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መልሰው ሲመረምሯቸው፣ በአፋቸው ቅርጽ፣ በምግባቸውና በመኖሪያቸው የሚለያዩ፣ አብዛኞቹም ከጣና ተፋሰስ ውጭ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ዓሣ አዳኞች አሉ፤ ቅጠል በሎች አሉ፤ የግርጌ ጎርጓሪዎችም አሉ። ትንንሾቹ የግርጌ ዓሦችም ገና እየተለዩ ናቸው፤ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ «ጋራ ታና» እና «ጋራ ሬግሬሰስ» የተባሉትን የገለጹት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚህ መካከል በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄደው የንግድ ዓሣ ማስገር በሐይቁ ተጀመረ። በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች የሚወጡት ባርበሶች በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ሲገኙ በብዛት ተጠመዱ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በንግድ መረብ የሚያዙት ባርበሶች 75 በመቶ ያህል እንደ ቀነሱ በጥናት ታውቋል። በገበያ ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ወይም «ባርበስ» ተብለው በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ግን፣ ድምሩ መቀነሱ ይታወቅ እንጂ የትኛው እንደ ጠፋ አይታወቅም። ስም የሌለው ነገር ቢጎድል አይቆጠርም። በገንዳ ውስጥ «ታች በሊ» ያደረሰውን ጉዳት በሐይቁ ላይ «ነጭ ዓሣ» በሰፊው ያደርሰዋል የምንለው ስለዚህ ነው። የነዚህን ብርቅ ዓሦች ከሐይቁ አውጥቶ በቤት ገንዳ ማኖርንም በዚሁ ምክንያት አንደግፍም።

ሰ. የምናቀርባቸው ቃላት

ከላይ በዝርዝር የተከራከርንባቸውን ለአንባብያን ፍርድ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. የጨው ውሃ ዓሣ፤ የጨው አልባ ውሃ ዓሣ፦ «የባሕር ዓሣ» እና «የንጹሕ ውሃ ዓሣ» በሚሉት ፈንታ።
2. ቅይጥ የባሕር ጨው፦ ለገንዳ ውሃ የሚዘጋጅ፣ ከወጥ ጨው የተለየ።
3. መሙላት፤ መለወጥ፦ የመጀመሪያው የተነነውን ጨው በሌለበት ውሃ መተካት፤ ሁለተኛው ያረጀውን ውሃ አውጥቶ በጨው ውሃ መተካት።
4. የግርጌ ዓሣ፦ ከውሃው ሥር ተጠግቶ የሚኖር።
5. ፋቂ፣ አሸዋ ነፊ፣ ጎርጓሪ፣ አድፋጭ፦ የግርጌ ዓሦች የአመጋገብ ምድቦች።
6. ጢም፦ ዓሣ በአፉ ዙሪያ ያለው መዳሰሻ።
7. የገንዳ መጎልመስ፤ እርሾ፦ ባክቴሪያዎች የሚራቡበት ጊዜ፤ ይህንንም ለማፋጠን ከጎለመሰ ገንዳ የሚወሰድ አሸዋ ወይም ድንጋይ።
8. ለይቶ ማቆያ፦ አዲስ ወይም የታመመ ዓሣ ብቻውን የሚቆይበት ገንዳ።
9. አኳሪየም፦ ቃሉ በብዙ ቋንቋዎች የተለመደ ስለሆነ ይቆይ፤ «የመስተዋት ገንዳ» በአማራጭነት ያገልግል። «ገንዳ» ብቻውን ግን ከብት የሚጠጣበትንም ስለሚያስታውስ በመጀመሪያ ሲጠቀስ ከመስተዋት ጋር ይነገር።

ከነዚህ መካከል አንዱንም ፈጥረን አላመጣነውም፤ ሁሉም ከማድቤት፣ ከመኝታ፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከገበያ የተወሰዱ የሚሠራባቸው ቃላት ናቸው። በጣና ዳርቻ፣ በዘጌ፣ በጎርጎራና በባሕር ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ፋቂውን ከጎርጓሪው የሚለዩበት ሌላ የተሻለ ቃል ሊኖራቸው ይችላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የውጭውን መመሪያ ከመግለጣቸው በፊት መረብ በሚጎተትበት ሰዓት ከዳር ቆመው ስሞቹን ከነትርጉማቸው፣ ከነዓሣው ቅርጽና ከተያዘበት ቦታ ጋር እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ቃል ከላይ ካቀረብናቸው አንዱን የሚያስቀር ቢሆን፣ እኛ በበኩላችን የዳርቻውን ቃል እንቀበላለን።